አባትህ በእጃቸው ያልቆጠሩት ድጎማ

ከጎንደር የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አባቴ ደምቢያ፣ ከቆላ ድባ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ አምስት ጥማድ መሬት ያርሳል። ካንሳስ የሚኖረው አጎቴ አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ለገበሬ የሚከፍለው ገንዘብ በየካውንቲው (እንደ እኛ ወረዳ ያለ ነው)፣ በየሰዉ ስም ተዘርዝሮ ማንም እንደሚያየው ነገረኝ። እኛም አገር በየዓመቱ ለገበሬው ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ተደጎመ ሲባል እሰማለሁ። አባቴን ስጠይቀው ግን ‹አንዲት ሳንቲም አልደረሰችኝም› ይለኛል። ማን ነው የበላው? የአባቴን ድርሻስ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ አባትህም ሬዲዮውም አልዋሹም። አባትህ ሳንቲም አልደረሰችኝም ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ መንግሥት ይህን ያህል ቢሊዮን ደጎምኩ ሲልም ገንዘቡ ወጥቷል። ሁለቱ ያልተገናኙት ድጎማው በጥሬ ገንዘብ ወደ ገበሬ እጅ የሚደርስበት መንገድ ከመጀመሪያውም ስላልተሠራ ነው። ድጎማው ያለው አባትህ ሰኔ ላይ ከማኅበሩ መጋዘን በአህያ ጭነው በሚወስዱት ከረጢት ውስጥ ነው። በጎንደር ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች በግብዓት አቅርቦትና በኅብረት ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ስሠራ ያንተን ጥያቄ ከብዙ ገበሬ አፍ ሰምቼዋለሁ። ባጭሩ መልሼ ላልፈው አልፈልግም፤ የማይታይ ድጎማ ሲጎድልም አይታይምና።

መንገዱን ከላይ ወደ ታች ልንገርህ። የዘንድሮው አዝመራ ገና ሳይሰበሰብ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የየገበሬውን የሚቀጥለው ዓመት የማዳበሪያ ፍላጎት ይመዘግባል። ያ ቁጥር ከቀበሌ ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል እየተደመረ ግብርና ሚኒስቴር ይደርሳል። ግዥውን የሚፈጽመው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። ዕቃው ጅቡቲ ይራገፋል፤ ተጭኖ የቀበሌ ማኅበራት ስብስብ ወደሆኑት ዩኒየኖች መጋዘን ይገባል፤ እኛ ዘንድ ጎንደር ላይ ያለው ፀሐይ ዩኒየን ከእነዚህ አንዱ ነው። ከዩኒየኑ ወደ ቀበሌው መሠረታዊ ማኅበር፣ ከማኅበሩ ወደ አባትህ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ፌርማታ ዋጋ ይጨመርበታል፦ የወደብ ማራገፊያ፣ የመኪና ኪራይ፣ የባንክ ወለድ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የዩኒየኑና የማኅበሩ ትርፍ። ሁሉም ተደምሮ አንድ ኩንታል ቆላ ድባ ላይ ሊያወጣ የሚገባው ዋጋ አለ። መንግሥት ከዚያ ላይ የተወሰነውን ራሱ ሸፍኖ ቀሪውን ገበሬው ይክፈል ይላል። ድጎማ የሚባለው ያ የተሸፈነው ነው።

አባትህ የሚያዩት ቀሪውን ብቻ ነው። ሳይቀነስ ስንት ሊሆን እንደነበረ ማንም አይነግራቸውም። በዚያ ላይ የተቀነሰው ዋጋ ራሱ ካምናው በልጦ ያገኙታል። ካምና አብልጦ ከፍሎ ወደ ቤቱ የሚመለስን ሰው «ተደጉመሃል» ብትለው እንዴት አድርጎ ይመንህ?

ዋጋው ለምን እንደናረ ማወቅ አለብህ፤ አለዚያ ሒሳቡ አይገባህም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ገበያ አንድ ቶን ዩሪያ በአማካይ ከ250 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። ዩሪያ የሚሠራው በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ሩሲያ ደግሞ ጋዙንም ማዳበሪያውንም በብዛት ለዓለም የምታቀርብ አገር ናት። ጋዝ ተወዶ፣ በላዩ የዩክሬን ጦርነት ሲጨመርበት እ.ኤ.አ. በ2022 ዋጋው ከ900 ዶላር በላይ ወጣ። መንግሥታችን ከ1989 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ትቶት የነበረውን የማዳበሪያ ዋጋ ድጎማ በ2014 ዓ.ም. መልሶ ያመጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ 15 ቢሊዮን ብርም መደበለት። የዓለም ዋጋ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዩሪያ የሚገዛው በዶላር ስለሆነ የጅቡቲው ዋጋ ባይነቃነቅ እንኳ የቆላ ድባው ያብጣል። ከዚያ ወዲህ የምትሰማው የድጎማ ቢሊዮን እየገዘፈ የሄደው ለገበሬው የተሰጠው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ የሚሸፈነው ጉድጓድም ስለጠለቀ ነው።

አሁን ወደ አባትህ ድርሻ። የ2014ን ልውሰድ። 15 ቢሊዮን ብር ሲባል ጆሮ ይሞላል። በዚያ ዓመት ሊገባ የታቀደው ማዳበሪያ ከ12 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ነበር። ስታካፍለው ለአንድ ኩንታል በአማካይ 1,200 ብር ገደማ ይደርሳል። የአባትህ አምስት ጥማድ፣ አራቱን ጥማድ አንድ ሄክታር ብለን ብንይዝ፣ አንድ ሄክታር ከሩብ ነው። የድሮው ምክር ለሄክታር አንድ ኩንታል ጥቁር፣ አንድ ኩንታል ነጭ ነበር፤ ጥቁሩ ዳፕ ነው፣ ኋላ በኤንፒኤስ ተተክቷል፤ ነጩ ዩሪያ ነው። አባትህ ምክሩን ሙሉ በሙሉ ቢከተሉ ሁለት ኩንታል ተኩል ይገዛሉ። ሁለት ተኩሉን በ1,200 ብታባዛው 3,000 ብር ነው። አማካይ ስለሆነ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ግን ሬዲዮ ላይ 15 ቢሊዮን የነበረው አባትህ በረት ሲደርስ መጠኑ ይህን ያህል ነው። አንዲት ሳንቲም አልደረሰችኝም ያሉትም ለዚህ ነው፤ 3,000 ብሩ የመጣላቸው ሳይከፍሉት በቀሩት ዋጋ መልክ ነውና።

ማዳበሪያ የሚወጣበትን ወረቀት፣ ቫውቸሩን፣ ግን ከድጎማው ጋር አታምታታው። ወረቀቱ የሚያሳየው ገበሬው በእጅ መክፈሉን ወይም በብድር መውሰዱን ነው። ብድር ከነወለዱ የሚመለስ ዕዳ ነው፤ ድጎማ አይደለም። ብዙ ገበሬ የሁለቱን ስም እያቀያየረ ሲጠራ እሰማለሁ፤ በዚያ ምክንያትም ክርክሩ ይጠፋበታል።

በዋጋ ውስጥ የተደበቀ ድጎማ የሚከፋፈለው በገዛኸው ከረጢት ልክ ነው። አሥር ከረጢት የገዛ አሥር እጥፍ ተደጎመለት፤ አንድም ያልገዛ ምንም አላገኘም። በጎንደር ምድር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስበው። አባትህ ከአምስቱ ጥማድ ሁለቱን የዝናቡ ማብቂያ ላይ ሽምብራ ይዘሩበት ይሆናል፤ የደምቢያ ዋልካ ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ሽምብራ በቀረው እርጥበት ይበቅላል፤ ማዳበሪያም አይጣልበትም። ለእነዚያ ሁለት ጥማዶች የደረሳቸው ድጎማ ባዶ ነው። ስለዚህ ያ 3,000 ብር ወደ 1,800 ይወርዳል። የማዳበሪያው ዋጋ ስለከበደው ግማሽ ከረጢት ገዝቶ በሦስት ጥማድ ላይ የሚበትን ጎረቤታችሁ ከአባትህም ያነሰ አገኘ። ከብቶቹ አልቀውበት፣ መሬቱን በእኩል ሰጥቶ የተቀመጠው ሽማግሌ ደግሞ፣ ማዳበሪያውን የገዛው አራሹ ከሆነ፣ በቀጥታ ያገኘው የለም። እኔ በዚህ ሥርዓት ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው፦ ድጋፉ እጅግ የቸገረውን ሰው እየዘለለ ያልፋል። ሆኖም ድጎማው ይቅር አልልም፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

«ማን በላው?» ላልከው ደግሞ፣ ጥሬ ገንዘብ ስላልሆነ የሚሰረቀውም እንደ ገንዘብ አይደለም። በሦስት መንገድ ሲጎድል አይቻለሁ።

አንዱ ኪሎው ነው። አንድ ሰኔ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ በሚያሰማበት ቀን፣ ከአንድ ማኅበር መጋዘን ደጃፍ ቆሜ ነበር። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ከልጇ ጋር መጥታ ከረጢቱን ሲያሸክሟት ቆም አለችና «አምና የያዝኩት እንዲህ አልቀለለኝም» አለች። ከረጢቱን ገልብጬ አፉን አየሁት። ፋብሪካ የሰፋው ከረጢት ስፌቱ አንድ ዓይነት ክር ነው፤ ቀጥ ብሎ፣ እርምጃው እኩል ሆኖ ይሄዳል። የዚህኛው ግማሹ በማሽን ክር፣ ግማሹ በእጅ በሲባጎ የተሰፋ ነበር። መርፌው ያለፈበት የድሮው ቀዳዳ ባዶውን ይታያል። ሚዛን ላይ አወጣነው፤ 50 ኪሎ መሆን የነበረበት 46 ሆነ። ዕቃ ያዡ መንገድ ላይ ተቀዶ ነው አለ። ሊሆን ይችላል፤ ግን የተቀደደ ከረጢት የጎደለውን ያህል ተመዝኖ፣ ተመዝግቦ፣ ዋጋው ተቀንሶ ነው መሸጥ ያለበት እንጂ ተሰፍቶ በሙሉ ዋጋ አይደለም። አራት ኪሎ ከሃምሳው 8 በመቶ ነው። ግማሽ ኩንታሉ 2,000 ብር ይሸጣል ብንል 160 ብር ከእጇ ወጣ ማለት ነው። ለዚያ ግማሽ ኩንታል መንግሥት 600 ብር ደጉሞላት ከሆነ ከሩብ በላዩ መጋዘን ደጃፍ ላይ ቀረ። ለእርሷ ከረጢቱ ተለወጠላት። ከኋላዋ ተደርድረው የነበሩትን ሁሉ ሳናስመዝን መሄዳችን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። በኪሳራው መጠን ከሦስቱ ይህን አስቀድማለሁ። ኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ከወደቀበት ቦታ ብዙም አይንቀሳቀስም። ሥሩ እንዲያገኘው ከዘሩ ጋር፣ በዘር ቀን መግባት አለበት። ዩሪያ ግን ውኃ ይዞት ስለሚሄድ ተከፋፍሎ፣ ከፊሉ አዝመራው ከፍ ካለ በኋላ ይጨመራል። እንግዲህ ጤፉ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ ኤንፒኤሱ ነሐሴ ላይ ቢደርስ፣ ከረጢቱ ሙሉ ኪሎ፣ ዋጋውም ደንበኛ የተደጎመ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ጤፍ ግን ብዙም አይሠራለትም። በሪፖርት ላይ «ተሰራጨ» ይባላል፤ በአባትህ አውድማ ግን አይታይም። በ2015 ክረምት በክልላችን የነበረውን የማዳበሪያ እጥረት ታስታውሳለህ፤ ገበሬው ሥራውን ጥሎ ከተማ ለከተማ ማዳበሪያ ፍለጋ የተንከራተተበት ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በጸጥታው ችግር መንገድ ሲዘጋ መኪናው ሳምንታት ይቆማል። ስለዚህ የአባትህን ድጎማ ለመለካት ከብሩ ይልቅ ቀኑን ጻፍ፦ ስንት ቀን ላይ ዘሩ፣ ማዳበሪያው ቀበሌ የደረሰው ስንት ቀን ላይ ነው?

ሦስተኛው ስም ነው። በስሙ ማዳበሪያ ወጥቶበት፣ እርሱ ሳይወስድ፣ በዓመቱ ዕዳ ክፈል ተብሎ የተጠራ ገበሬ አጋጥሞኛል። የተደጎመው ዋጋና የነጋዴው ዋጋ በሰፋ ቁጥር በሌላ ሰው ስም አውጥቶ ለነጋዴ የማሳለፍ ፈተናው ይበረታል። ለዚህ መድኃኒቱ ስሙ በአደባባይ መታየቱ ነው፤ አጎትህ ከነገረህ ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው።

አጎትህ የነገረህ እውነት ነው፤ ግን ከሩቅ እንደሚታየው ሁሉ ያማረ አይደለም። አሜሪካኖች ለገበሬ መክፈል የጀመሩት በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ በ1933 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ነው። ዛሬ ክፍያውን የሚያስተዳድረው የእርሻ መሥሪያ ቤታቸው በየካውንቲው ባለው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት የካውንቲ ኮሚቴም አለ። አጎትህ ካለበት ካንሳስ ስንዴን ውሰድ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ለአንድ ቡሼል፣ ማለትም ወደ 27 ኪሎ ለሚጠጋ ስንዴ፣ 5.50 ዶላር መነሻ ዋጋ አስቀምጦ ነበር። የዓመቱ የገበያ ዋጋ ከመነሻው ዋጋ ከወረደ ልዩነቱን መንግሥት ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ዘንድሮ በዘራኸው ላይ ሳይሆን ድሮ በተመዘገበልህ መሬት ላይ ነው፤ ከእርሱም 85 በመቶው ይታሰባል። ገንዘቡ በስም ስለሚከፈል በስም ይመዘገባል፤ የመረጃ ነፃነት ሕግም ስላላቸው ኢንቫይሮንሜንታል ወርኪንግ ግሩፕ የሚባል ድርጅት መዝገቡን ጠይቆ ወስዶ ለሕዝብ ዘረዘረው። ሲዘረዘር ምን ታየ? አብዛኛው ገንዘብ ወደ ትልልቆቹ እርሻዎች እንደሚሄድ ታየ። የምክር ቤታቸው የኦዲት መሥሪያ ቤት ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከ1999 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በሞቱ ሰዎች ስም 1.1 ቢሊዮን ዶላር መከፈሉን አጋለጠ። በደንብ የተያዘ መዝገብ ባለበት አገር ይህ ሆነ። ነገር ግን መዝገቡ ስለነበረ ታወቀ፤ ስለታወቀም ሰዎች ጠየቁ።

ለእኛ የሚያስፈልገን አርአያ ግን ካንሳስ ድረስ የሚያስኬድ አይደለም፤ በለሳ ላይ አለ። የደምቢያ ሰው «በለሳዎች ገንዘብ ይሰጣቸዋል፣ እኛስ?» ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እርሱ የማዳበሪያ ድጎማ ሳይሆን ሴፍቲኔት ነው። በ1997 ዓ.ም. ተጀምሮ ዝናብ በሚነሣቸውና የምግብ ዋስትና በተጓደለባቸው ወረዳዎች፣ በለሳን፣ ጃናሞራን፣ እብናትን በመሳሰሉት፣ የሚሠራ ነው። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ በሥራው ልክ ይከፈለዋል፤ ጉልበት የሌለው አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ ሳይሠራ ይቀበላል። የደምቢያ ገበሬ በዚህ የሚቀናበት ነገር የለውም። ልብ እንድትልልኝ የምፈልገው ደንቡን ነው። ተጠቃሚ ሲመለመል ማኅበረሰቡ ተሰብስቦ ስሙ ይነበባል፤ ዝርዝሩ ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል፤ ያላግባብ ቀረሁ ወይም እገሌ ያላግባብ ገባ የሚል በቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት ይቆማል። በተግባር ሁልጊዜ እንደ ደንቡ ይሄዳል ማለቴ አይደለም። ግን ደንቡ አለ፣ ሰዉም ለምዶታል። አንድ ድሃ ለሚቀበለው ጥቂት ብር ስሙ በአደባባይ እየተለጠፈ በቢሊዮን የሚቆጠረው የማዳበሪያ ድጎማ በማን ስም ስንት ከረጢት እንደወጣ በማኅበሩ ደጃፍ የማይለጠፍበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም። ማኅበሩ የሽያጭ መዝገቡ በእጁ ነው፤ አንድ ወረቀት ገልብጦ መለጠፍ ነው የቀረው።

ምናልባት «ታዲያ ለምን እንደ አሜሪካ በቀጥታ በገንዘብ አይሰጡንም?» ብለህ ትቀጥል ይሆናል። ሕንድ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሬት ላለው የገበሬ ቤተሰብ በዓመት 6,000 ሩፒ በሦስት ጊዜ ከፍላ ወደ ባንክ ሒሳቡ ትልካለች፤ ይህን የሚያነሡ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። እኔን ሁለት ነገር ያስፈራኛል። በገንዘብ ልስጥ ያለ መንግሥት መዝገብ ፈልጎ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ወደሆነው አረንጓዴው ደብተር መሄዱ አይቀርም። በአረንጓዴው ደብተር ላይ ያለው ስም የባለይዞታው ነው። በጎንደር ዙሪያ ስንቱ ወጣት ነው መሬት ሳይኖረው የሰው መሬት በእኩል እያረሰ የሚኖረው? ዛሬ ከረጢቱን የገዛ እርሱ ስለሆነ ድጎማው ለእርሱ ነው። ገንዘብ በይዞታ ቢከፈል ለባለይዞታው ይሄድና አራሹ ያልተደጎመ ማዳበሪያ ይገዛል። አሜሪካኖቹም ከዚህ አላመለጡም፤ ክፍያው ለሚያርሰው ተከራይ በተሰጠባቸው ቦታዎች ባለመሬቱ ኪራዩን ከፍ እያደረገ ከፊሉን መልሶ ወስዶታል። በእርግጥ ያ መሬቱን በእኩል የሰጠው ሽማግሌ ቢያገኝ ደስ ይለኛል። እርሱን መርዳት ግን የማዳበሪያ ጉዳይ አይደለም፤ ሌላ ድጋፍ ነው የሚያስፈልገው።

ሌላው ፍርሃቴ ይበልጥ ቀላል ነው። ብር ሰኔ ላይ ቆላ ድባ ላይ ማዳበሪያ አያመጣም። ዕቃውን የሚያስገባው አንድ ድርጅት በሆነበት፣ መንገዱም በሚዘጋበት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ገበሬ 3,000 ብር ብታድል ያው ያልደረሰውን ከረጢት ሁሉም በበለጠ ብር ይሻማበታል። ቅድም ድጎማው ይቅር አልልም ያልኩህም ለዚህ ነው። አባትህና ጎረቤቶቻቸው ዋጋው ሙሉ በሙሉ ቢጫንባቸው ግማሹ ያለ ማዳበሪያ ይዘራል። ኩበቱ ለማገዶ በሚነድበት፣ አፈሩ በየዓመቱ በሚታረስበት አገር፣ የዚያ ውጤት የሚታየው በጎንደር ገበያ በጤፍ ዋጋ ነው። ይቀጥል፤ ግን ይታይ።

አንተ ምን ታደርግ? መጀመሪያ ለየማከፋፈያ ጣቢያው በየዓመቱ የሚጻፍ የዋጋ ደብዳቤ አለ፤ በማዳበሪያ ዓይነት ተለይቶ የአንድ ኩንታል መሸጫ ይዟል። የአባትህ ቀበሌ ዋጋ ከጎንደር ዙሪያው ወይም ከጭልጋው በትራንስፖርት ምክንያት ሊለይ ይችላል፤ ከራሱ ደብዳቤ ግን ሊለይ አይችልም። አባትህ የማኅበሩ አባል ከሆኑ ያንን ደብዳቤ፣ የተረከበውን መጠንና የደረሰበትን ቀን በጠቅላላ ጉባኤ መጠየቅ መብታቸው ነው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበሩን የአባላቱ ንብረት አድርጎታል። እግረ መንገዳቸውን የትርፍ ክፍፍሉን ይጠይቁ፤ አባል ከማኅበሩ በገዛው ልክ የሚደርሰው ነገር አለ፤ ብዙዎች ሳይጠይቁት ዓመታት ያልፋሉ። አንተ ደግሞ አባል ስላልሆንክ በሌላ በር ግባ፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ ሊመልስልህ ይገባል። በጽሑፍ ጠይቅ፣ የገባበትን ቀንና ቁጥር ያዝ። «ድጎማው የት ገባ?» ብለህ አትጻፍ፤ የክስ ድምፅ ካለው መልሱ ይዘገያል። «በዚህ ዓመት ለዚህ ቀበሌ ስንት ኩንታል ኤንፒኤስ፣ ስንት ኩንታል ዩሪያ፣ በየትኛው ቀን ገባ? ያለ ድጎማ ዋጋው ስንት ነበር፣ የመሸጫ ዋጋውስ?» ብለህ ጻፍ። ቁጥር የጠየቀ ቁጥር ነው የሚመለስለት።

ዘንድሮ ማዳበሪያ ሲወጣ ደግሞ ከቻልክ አብረሃቸው ሂድ። ከረጢቱ ከመጋዘኑ ደጃፍ ሳይወጣ ይመዘን፤ ከወጣ በኋላ ማንም አይሰማችሁም። ስፌቱን እየው። ካርኒው ላይ ኪሎውና ብሩ ብቻ ሳይሆን ቀኑም መጻፉን አረጋግጥ፤ አባትህ ማንበብ ባይችሉም ቀኑን የምታነብላቸው አንተ ነህ።

ለበዓል ወደ ቤት ስትገባ የድሮ ካርኒዎችን ፈልጉ። በእኛ አገር ቤት ብዙ ጊዜ በሣጥኑ ሥር፣ ከአረንጓዴው ደብተር ጋር በላስቲክ ተጠቅልለው ነው የሚገኙት። የ2014ን፣ የ2016ንና የዘንድሮውን ካገኘህ የስሙን ቦታ ሸፍነህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የዘሩበትን ቀንም ጠይቀህ ጨምርበት። ከወረዳው ከሚሰጥህ ቁጥር ጋር አጣጥመን የአባትህን ድርሻ በብርም በቀንም አብረን እናወጣዋለን።